ኑዛዜ ለማን?

ኑዛዜ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ከባድ ጉዳዮችን በአንድ ትከሻ ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው፣ ምእመን የሠራውን በደል ለነፍስ አባቱ የሚገልጥበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ስለ ንብረቱና ስለ ልጆቹ የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። ቃሉ የተገኘበት የግእዙ ግሥ «ናዘዘ» ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ፍች አለው፤ አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው። እንግዲህ በቋንቋው ጥንተ ነገር መሠረት የሚናዘዝ ሰው የሚጽናና ሰው ነው።

እነዚህ ፍችዎች በአንድ ቃል ውስጥ የተገናኙት ከኑሮ የተነሣ ነው። በቀድሞው ዘመን በሚያጣጥር ሰው አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው የነፍስ አባት ኃጢአቱንም ርስቱንም ባንድ ላይ ይሰማ ነበር። ሰውየው ከማን ምን እንደ ተበደረ፣ ማንን በምን እንዳስቀየመ፣ መሬቱ ለማን፣ በሬው ለማን እንደሚሆን ሁሉም በአንድ መቀመጫ ይነገር ነበር። ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ግን ሁለቱ ኑዛዜዎች ተለያዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው አኳኋን ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት እንዲነበብ ደነገገ። የበደል ኑዛዜ እንደ ጥንቱ በአንድ ጆሮ ውስጥ ቀረ። አንድ ሰው ላሙን ለልጁ በዚህ ሥርዓት ለማውረስ አራት ምስክር ሲያስፈልገው፣ የሰው ላም መስረቁን ለመናዘዝ አንድ ሰሚ ይበቃዋል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሞራል ጥያቄ ይነሣል። አንድ ገበሬ ባሏ የሞተባትን የጎረቤቱን ድንበር ሁለት ፈር ያህል ገፋ እንበል። ከዓመት በኋላ ኅሊናው ወቀሰውና በዐቢይ ጾም ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ። የተሰጠውን ቀኖና ጾመ፣ ሰገደ፣ መጸወተ፤ ካህኑም ፈታው። ድንበሩ ግን በተገፋበት ቀረ። ታዲያ ይህ ሰው ከበደሉ ነፃ ወጥቷልን? ኑዛዜውስ የተገባው ለማን ነበር? ለፈጣሪ ነውን? ለካህኑ ነውን? ወይስ መሬቷ ለጠበበባት ሴት?

ጥያቄው የሃይማኖት ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በደልን ማመን፣ ይቅርታ መጠየቅና መካስ ማንኛውም ኅብረተ ሰብ አብሮ ለመኖር የሚቆምባቸው ምሰሶዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሰፊ ክፍል ይህን ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያወጣ ሲያወርድ የኖረው በመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በነፍስ አባት፣ በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ አማካይነት ነው። ስለሆነም መልሱን በእነዚሁ ተቋማት አሠራር ውስጥ መፈለግ ይገባል።

የተዘጋው ጆሮ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ የነፍስ አባት የአንድ ግለሰብ ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተሰብ አባት ነው። ቤቱን ጠበል ይረጫል፤ የታመመውን ይጠይቃል፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ በመካከል ይገባል፤ ሰው ሲሞት ፍትሐት ያደርሳል፤ በ40ኛው ቀን በተዝካሩ ላይ ይገኛል። በገጠር ይህ ካህን እንደ ሌላው ገበሬ ሞፈርና ቀንበር የሚይዝ፣ የጎረቤቱን በሬ ተውሶ የሚያርስ፣ ዝናብ ሲጠፋ አብሮ የሚጨነቅ ሰው ነው። ስለዚህ ኑዛዜው የሚፈጸመው ከኑሮው ራቅ ብሎ ለተቀመጠ እንግዳ ሳይሆን መንደሩን ከነጓዳው ለሚያውቅ የአገር ሰው ነው።

ለካህን መናዘዝ ያለ ክርክር የጸና ሥርዓት አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ብርቱ ሙግት ተነሥቶ ነበር። ምእመኑ ዕጣን በሚታጠንበት ጊዜ በጽናው ፊት ቆሞ በልቡ ለፈጣሪው ቢናዘዝ ይበቃዋል የሚለውን ልማድ የደምያጥ ሜትሮፖሊታን ሚካኤል ሲደግፍ፣ ቄስ ማርቆስ ኢብን አልቁንባር ደግሞ በአንደበት ለካህን ያልተነገረ ኃጢአት አይሰረይም እያለ ያስተምር ነበር። ማርቆስ በዚህ ሳቢያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተጣልቶ ወደ ሌላ ወገን ተሻገረ። ውሎ አድሮ ግን ለካህን መናዘዝ በግብፅም፣ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ከእስክንድርያ መንበር ጋር ተሳስራ በኖረችው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ሥርዓት ሆኖ ቆመ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ዛሬም አላረጀም። አንዱ ወገን ልብን የሚያውቅ አምላክ ሳለ የሰው ጆሮ ለምን አስፈለገ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው ራሱን ማታለል እንደሚቀናው ያስታውሳል። ለጢስ መናገር ቀላል ነው፤ ጢስ መልሶ አይጠይቅም። ሰው ግን «መቼ? ከማን? ስንት? መለስህለት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የነፍስ አባት ትልቁ ጥቅም ይህ ጠያቂነቱ ነው።

ጠያቂው ደግሞ ምስጢር ጠባቂ መሆን አለበት። በደሉን የሚናገር ሰው ጋሻውን ጥሎ የቆመ ሰው ነው። ቃሉ ወደ ጠላቱ፣ ወደ አለቃው ወይም ወደ ሸንጎ እንደሚሄድ ካወቀ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይዞት ይቀራል፤ በሆድ የተቀበረ በደል ደግሞ ወይ ወደ ጭካኔ ወይ ወደ በሽታ ይለወጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂል ለሥጋ ብቻ የተነገረ አይደለም። የምስጢሩ ዓላማ እንግዲህ በደሉን መሸፈን ሳይሆን በደለኛው አፉን ለመክፈት የሚያስችለውን ከለላ መስጠት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ምስጢር ሌላ ፈተና ይወልዳል። ድንበሯ የተገፋባት ሴትም የዚያው ካህን የንስሐ ልጅ ናት። መሬቷ እንደ ጠበበ እያየች ታዝናለች፤ ማን እንደ ገፋው ግን በእርግጥ አታውቅም። ካህኑ ያውቃል፤ መናገር ግን አይችልም። ገፊውም ተገፊዋም አንዱን መስቀል ይሳለማሉ። ከዚህ የባሰ የኅሊና ጭንቅ በቀላሉ አይገኝም።

መፍትሔው ያለው ቀኖና በሚባለው ነገር ውስጥ ነው። ምስጢሩ ካህኑን እንዳይናገር ይከለክለዋል እንጂ እንዳያዝ አይከለክለውም። ካህኑ ለገፊው ገበሬ 40 ስግደት ብቻ አዝዞ ቢያሰናብተው፣ መሬቱን ከገፋው ሰው ጋር ባንድ ሞፈር እንዳረሰ ይቆጠራል። «አስቀድመህ ድንበሩን መልስ፤ ጾሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ቢለው ግን አንድ ምስጢር ሳያወጣ ለተበዳይዋ ፈርዶላታል። ወንጌሉም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ከሀብቱ ግማሹን ለድሆች ለመስጠት ቃል ሲገባ በዚያ አላበቃም፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስም ቃል ገባ። መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የመጣ ሰውም ወንድሙ የተቀየመበት እንደሆነ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። ስለዚህ ያለ ካሣ የሚደረግ ንስሐ የትምህርቱ ጉድለት ሳይሆን የአፈጻጸሙ ጉድለት ነው።

በሚዛኑ ላይ ያልተሣሉት

ጥያቄው በአገሪቱ ሥነ ሥዕል ውስጥም ጎልቶ ይታያል። በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተሥሏል። ይህ ሰው ቤተሰቡን ጭምር 78 ሰዎች የበላ ነው። አንድ ቀን በለምጽ የተመታና በውኃ ጥም የተቃጠለ ሰው በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሥራው በሚዛን ተመዘነ፤ የ78ቱ ሰዎች ነፍስ ባንድ ወገን፣ ጥርኝ ውኃው በሌላ ወገን ተቀመጠ። እመቤታችን በጥላዋ ስትጋርደው የውኃው ወገን መዘነና ሰውየው ዳነ።

ታሪኩን የሰማ ሕዝብ ለምን እንደሚወደው መረዳት አያዳግትም። ተስፋ የቆረጠ ሰው የለም፤ ከክፋት ሁሉ በታች አንዲት ጠብታ ርኅራኄ ከተገኘች የምሕረት በር ይከፈታል የሚል ነው። ይህ የጨለመበትን ሰው የሚያጽናና ታላቅ ትምህርት ነው። የሥዕሉ ተመልካች ግን ሌላም ነገር ሊያስተውል ይችላል። በሚዛኑ ላይ 78ቱ ሰዎች ክብደት ሆነው ተቀመጡ እንጂ አፍ አልተሰጣቸውም። ይቅር ማለታቸውን ወይም አለማለታቸውን የጠየቃቸው የለም።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ምሕረት ከላይ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ይቅርታ ግን የተበዳዩ ሀብት ነው። ፈጣሪ ሰውየውን ከሲኦል ሊያድነው ይችላል፤ ያ መዳን ግን ከተበሉት ሰዎች የአንዱ እናት ልጇን ያጣችበትን ዕዳ ከፍሏል ማለት አይደለም። የአማርኛው ብሂል ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም ይላል። በሥዕሉ ውስጥ ያለው መጽናኛ ለወጊው የተዘጋጀ ነው፤ ለተወጊው መጽናኛ በሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። የዚህ አገር ምእመን ያንን ቦታ በመንደሩ ውስጥ፣ በጽዋው ዙሪያ አበጅቶ ነበር።

የጽዋው ፍርድ

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን ከሚያስቀድሰው ሕዝብ ውስጥ ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉት በአብዛኛው ሕፃናት፣ አረጋውያንና በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ጎልማሳው ራሱን ያልበቃሁ አድርጎ ስለሚቆጥር ከቁርባኑ ርቆ ይቆማል። በዚህ ምክንያት የመንደሩ ጎልማሶች በእርግጥ ባንድ ላይ የሚቀርቡበት ማዕድ የመቅደሱ ሳይሆን የማኅበሩ ማዕድ ሆኗል።

የጽዋ ማኅበር አሠራር የታወቀ ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም እየተባለ በየወሩ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን አባላቱ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይመራል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ይሰጣል። ሰንበቴ ደግሞ በዕለተ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚበላና የሚጠጣ የአጥቢያው ማዕድ ነው፤ ነዳያንና መንገደኞችም ከዚሁ ይካፈላሉ።

የዚህ ሥርዓት ዋነኛው የሞራል ኃይል ያለው ከድግሱ ላይ አይደለም። የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ እንዳይጠጡ የሚከለክለው ልማድ ነው ኃይሉ። ሁለት ሰዎች መኳረፋቸው ሲታወቅ ሙሴውና ሽማግሎች ከማዕዱ በፊት ጉዳዩን ያነሣሉ። በዳዩ ጥፋቱን ያምናል፤ እንደ በደሉ ክብደትም ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ሥር ሊወድቅ ይችላል። ካሣ ካለ ይቆረጣል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ከተሳሳሙ በኋላ ጽዋው ይዞራል። የነፍስ አባት በምስጢር የሰማው በደል በአደባባይ እጅና እግር አውጥቶ የሚጨረሰው እዚህ ነው።

የጓዳውና የማኅበሩ ሥርዓት እንዴት እንደሚደጋገፉ ከድንበሩ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ሰው የሰረቀውን ገንዘብ በነፍስ አባቱ እጅ ስሙ ሳይጠራ ሊመልስ ይችላል። የተገፋ ድንበር ግን በሌሊት አይመለስም፤ ፈሩ ይታያል፤ ጎረቤት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ በደል ፊት ለፊት ሳይቆሙ የሚስተካከል አይደለም። ካህኑ በጓዳ ልቡን ያዘጋጃል፤ ማኅበሩ ደግሞ ያ ሰው ፊቱን ይዞ የሚመጣበትን፣ ከነጥፋቱም ከማዕዱ የማይባረርበትን ቦታ ያበጃል። ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው ጭካኔ ይሆናል፤ ያለ ሁለተኛው መጀመሪያው ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሥርዓት ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ግን እውነትን ማድላት ይሆናል። ሰው የሚናዘዘው በደል ብሎ የሚያውቀውን ብቻ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ባሪያ አሳዳሪ የነበረ ምእመን ባሪያውን ስለ መደብደቡ ተናዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ባሪያ ማሳደሩን ግን እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም ነበር። ምክንያቱም ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ ለባርነት ደንብ ያወጣለት ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስም የጭሰኛውን እህል እኩሌታ የሚወስድ ባለ መሬት ለነፍስ አባቱ የሚናገረው ነገር አልነበረውም፤ ሕጉም ልማዱም መብቱ ነው ይሉት ነበርና። ቤተ ክርስቲያንም ራሷ ሰፊ መሬት ይዛ ትኖር ነበር። ጭሰኛውና ባለ መሬቱ ባንድ ማኅበር ቢቀመጡና ቢሳሳሙ እንኳ እርቁ የቁጣን እንጂ የኑሮን ሚዛን አላስተካከለም። የግል ኅሊና የዘመኑን ማኅበራዊ ሥርዓት አልፎ ለማየት እንደሚቸገር ይህ ግልጽ ማስረጃ ነው። ኅብረተ ሰብ በደልን በደል ብሎ ለመጥራት ቋንቋ ሲያገኝ ብቻ ኑዛዜም አብሮ ይሰፋል።

ሌላው እንከን ምጽዋት የካሣን ቦታ መውሰዱ ነው። በሚዛኑ የሚሰርቅ ነጋዴ ለደብሩ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ጃንጥላ ሲያስገባ፣ በበዓሉም ነዳያንን ሲያበላ ይታያል። የሰጠው ነገር ጥቅም የለውም አይባልም፤ የተራበው በልቷልና። ነገር ግን ለማያውቁት ደሃ መስጠት ለሚያውቁት ተበዳይ ከመመለስ ይቀላል። ደሃው ያመሰግናል፤ ተበዳዩ ግን ይጠይቃል። ምስጋና የሚገዛበት ገንዘብ ከጥያቄ የሚሸሹበት ገንዘብ ከሆነ፣ በደጀ ሰላም የሚደረገው በጎ አድራጎት ሁሉ የባልቴቲቱን ሁለት ፈር አይመልስም።

ከለላ የሌለው አደባባይ

የምስጢር ኑዛዜ እንከን ይህን ያህል ከሆነ፣ ሁሉን ነገር በአደባባይ ማድረግ አይሻልምን የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የአገሪቱ ታሪክ ለዚህም መልስ አለው።

በቀድሞው ዘመን አውጫጪኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ ጥፋተኛው ሲጠፋ የአካባቢው ነዋሪ ባንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ይገደዳል፤ ካላወጣ ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። የዚህ ሥርዓት ዓላማ ንብረቱን ማስመለስ በመሆኑ ተበዳዩን አይረሳም፤ ነገር ግን የሚሠራው በኅሊና ሳይሆን በግዴታ ስለሆነ ከጸጸት ይልቅ ፍርሃትን፣ አንዳንዴም የሐሰት ጥቆማን ይወልዳል።

ከዚያ የባሰው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የታየው ነው። በቀበሌ አዳራሾች፣ በመሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች በተደረጉት የማጋለጥ ስብሰባዎች ሰዎች ራሳቸውንና ጓደኞቻቸውን በሕዝብ ፊት እንዲያጋልጡ ይታዘዙ ነበር። በውጪያዊ መልኩ ሲታይ ነገሩ ኑዛዜን ይመስላል፤ ሰው ቆሞ ጥፋቴ ይህ ነው ይላል። ውስጡ ሲመረመር ግን የኑዛዜ ተቃራኒ ነው። ቃሉን ተቀብሎ የሚጠብቅ ጆሮ አልነበረም፤ ቃሉ ወዲያው ወደ እስር ቤትና ወደ ሞት ያደርስ ነበር። ይቅርታ የሚጠየቅ ተበዳይም አልነበረም፤ የሚጠየቀው የሌላ ሰው ስም ነበር። የሚያጽናና ስለሌለው፣ «ናዘዘ» በሚለው ጥንታዊ ፍች መሠረት ከቶ ኑዛዜ ሊባል አይችልም። ከእነዚያ አዳራሾች የወጣው ትውልድ ብዙ ዘመን አፉን ዘግቶ መኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

የዚያ ዘመን ሒሳብ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሞራሉን ጥያቄ በአዲስ መልክ አስነሣ። የደርግ ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለው በ2000 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደባቸው። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች ምሕረት እንዲደረግላቸው አማለዱ፤ የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። ሽምግልናው ደምን በደም ላለመመለስ የተደረገ መሆኑ ሊከበርለት ይገባል፤ እርቅ ደም ያደርቅ እንዲሉ። ሆኖም ከላይ የተሠራው ልዩነት ከዚህም ላይ ይሠራል። መንግሥት የራሱን ቅጣት ሊያነሣ ይችላል፤ የሃይማኖት አባት ሊጸልይና ሊያማልድ ይችላል። ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት ያላትን ይቅርታ ግን ሁለቱም በእርሷ ፈንታ ሊሰጡ አይችሉም። የሟቹማ ይቅርታ አብሮት ተቀብሯል።

ታዲያ የማይመለስ ነገር ያጠፋ ሰው በምን ይክሳል? ሕይወት እንደ ድንበር ተመልሶ አይተከልም። ቢሆንም የቀረ ዕዳ አለ፤ እርሱም እውነት ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደ ሞተ፣ አፅሙም የት እንዳረፈ መናገር በዳዩ ለሐዘንተኛው ሊመልሰው የሚችለው የመጨረሻ ንብረት ነው። ይህን ይዞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የሰውን ርስት ደብቆ እንደ ያዘ ሰው ነው።

የተለያዩት ሦስቱ

በዛሬው የከተማ ኑሮ አደጋው በሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲዘዋወር፣ የነፍስ አባት ባንድ ወገን፣ ማኅበርና ዕድር በሌላ ወገን፣ ጎረቤት ደግሞ በሦስተኛ ወገን ቀርተዋል። ምእመኑ የነፍስ አባቱን በስልክ ያገኘዋል፤ ለማኅበሩ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይሄዳል፤ በግድግዳ የሚለየውን ጎረቤቱን ግን በስሙ አያውቀውም። ከአገር ወጥተው በሚኖሩትም ዘንድ ርቀቱ የባሰ ነው። ካህኑ ተበዳዩን አያውቀውም፤ ማኅበሩ በደሉን አይሰማም፤ ተበዳዩም ከሁለቱም ደጅ አይደርስም። እንዲህ ባለው ሁኔታ ኑዛዜ የልብ ማቅለያ ብቻ ሆኖ ለመቅረት በጣም ይቀርባል።

ሥርዓቱ እንደ ጥንቱ ይመለስ ማለት ግን የዘመኑን ኑሮ አለማወቅ ነው። መመለስ ያለበት በሥርዓቱ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት ኑዛዜን በሦስት መመዘኛ ይለካል። አንደኛ፣ ሰውየው ሳይገደድና ሳይፈራ የሚናገርበት ከለላ አለውን? ሁለተኛ፣ ቃሉን የሚሰማው ሰው «ማንን በደልህ? ምን መለስህለት?» ብሎ ይጠይቃልን? ሦስተኛ፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ሲመጣ ከነፊቱ የሚቀበለው ማዕድ አለውን? የማጋለጡ ስብሰባ በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ስግደት ብቻ የሚያዝ ኑዛዜ በሁለተኛው ይወድቃል፤ ጎረቤት የማይተዋወቅበት ሰፈር ደግሞ በሦስተኛው።

ዓለማዊው ሕግም ከዚህ ዕውቀት የራቀ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ቅጣትን ከሚያቀልሉ ምክንያቶች አንዱ እውነተኛ ጸጸት መሆኑን ሲደነግግ፣ ጸጸቱ ከሚታወቅባቸው ነገሮች ውስጥ ተበዳዩን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንንና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስን ይጠቅሳል። ዳኛ የሰውን ልብ ማየት ስለማይችል እጁን ያያል። የነፍስ አባትም ልቡን ከሰማ በኋላ እጁን ማየት ይገባዋል።

እንግዲህ ኑዛዜ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለውም። ለሚያምነው ሰው መጀመሪያው ለፈጣሪው ነው፤ ጆሮውን የሚያውሰው ካህኑ ነው፤ ፍጻሜው ግን ለተበዳዩ ነው። መፍታት ማለት የታሰረን መልቀቅ ነው፤ ቋጠሮ ደግሞ የሚፈታው ከተቋጠረበት ላይ ነው። በባልቴቲቱ ማሳ ላይ የተቋጠረው በደል በመቅደስ ቢለቀስበትም፣ በደጀ ሰላም ቢመጸወትበትም የሚፈታው በማሳዋ ላይ ነው። ካህኑ፣ መምህሩ፣ የማኅበሩ ሙሴና የኪነ ጥበብ ሰው በየሥራቸው ይህን አንድ ነገር ሊያስታውሱ ይገባል፤ በዳዩ ተናዝዞ በተጽናና ጊዜ፣ ገና ሳትጽናና በደጇ የተቀመጠች አንዲት ሴት መኖሯን።